አንገት ደፊ

ኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ፣ ከቆርቆሮው መጋዘን፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ጎንብሼ ፈጀሁ ዘመን፤
ከሆዷ ጀምሬ የበጓን ጠጉር ስሸልት፣
ላቤ ባፍንጫዬ ሲንጠባጠብባት።
«አንገት ደፊ» ቢሉኝም፣ አገርስ አላጠፋሁ፤
የገዛ ወገቤን ነው፣ ሌላ ማንን ጎዳሁ?

ሁለት መቶ ሰማንያ፣ አንዳንዴም ሦስት መቶ፣
በየቀኑ የሚያልፈው በጭኖቼ መሐል ገብቶ፣
እያንዳንዱ ሲወጣ ቆረሰ ከወገቤ፤
የበጉን እንጂ የኔን መች ቆጠርሁት ከልቤ።

በመጋቢት ማለዳ ፒክአፔን አስነሥቼ፣
ወደ ኋላ ልነዳ ማርሹን አስገብቼ፣
አንገቴን ላዞር ብል፣ ዝጓል እንደ ማጠፊያ፣
ቀኝ የለው፣ ግራ የለው፣ ፊት ለፊት ብቻ ማያ።
በግምት ረገጥሁት፤ ጓ! አለ ነገሩ፣
ከነምሰሶው ተኛ የገዛ ግቢዬ በሩ።
ፔታ በፒጃማዋ ወገቧን ይዛ ቆመች፣
«ሠላሳ ዓመት እዚያው ነው፣ አላየኸውም ወይ?» አለች።
እሷ ወገቧን ይዛ፣ እኔን ወገቤ ይዞኝ፣
ተያየን፤ ሳቄን ልስቅ ስል ሕመሙ ቀድሞኝ።

ጎር ከተማ፣ ከጎማ ነጋዴው ሱቅ ፎቅ ላይ፣
ካይሮፕራክተሯ ሞራግ ዘንድ ሄድሁ ልታይ።
ሽማግሌዎቹ «ወጌሻዋ» ነው የሚሏት፤
ዲፕሎማዋ ግድግዳ ላይ ተንጋድዶ ተሰቅሎላት፣
የሰው አጥንት አቃንታ፣ ያን ማቃናት ተስኗት።
ሳትነካኝ ጀመረች፣ ረጅም ጥያቄ፦
«እግርህ ይደነዝዛል? ሌሊት ያነቃሃል? ሽንትህስ?»
አፈርሁኝ፣ በጺሜ ውስጥ ተደብቄ።
«እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ መንገድህ ሆስፒታል ነው፤
የለም ካልህ ግን ተኛ፤ እስትንፋስህን ልቀቀው።»

ፊቴ በአልጋው ቀዳዳ ወለሉን እያየ
(ወለል ማየትስ ልማዴ ነው፣ መቼ ከኔ ተለየ)
መዳፏ ሲጫነኝ ከትከሻዬ መሐል፣
እንደ ደረቀ ጭራሮ አንድ ነገር ቋ! ሲል፣
«ተሰበርሁ!» ብዬ ጮኽሁ። «አረፋ ነው፣ አትሥጋ፤
አጥንትህ በቦታው ነው፣ እንደ ተሸፈነ በሥጋ።»

ደረጃውን ስወርድ ቀና ብዬ፣ ቀልሎኝ፣
ለጎማ ነጋዴው እጅ ነሣሁ፣ የዳንሁ መስሎኝ።
ሐሙስ ተመለሰ፤ ቁልፍ እንዳለው ተከራይ፣
ገባና ጋደም አለ በዚያው በድሮው አልጋ ላይ።

ተናድጄ ወጣሁ ያንኑ ደረጃ፣ ልጣላት።
«እጄ በሩን ይከፍታል እንጂ ቤቱን አይጠግንም፤
ቀሪው ያንተ ሥራ ነው፣ እኔ ካንተ ጋር አላድርም፤»
ብላ ወረቀት ሰጠችኝ፣ በእርሳስ የተሣለ፤
አንዱ ሰው እንደ ድመት ጎብጦ፣ ሌላው እንደ ድልድይ ከፍ ያለ፤
አንዱ ግድግዳ ተደግፎ፣ አገጩን ወደ ኋላ ስቦ፣
የተቆጣ ቄስ የመሰለ።

እኔ! ሦስት መቶ በግ የማገላብጥ ጎበዝ፣
በሳሎን ምንጣፍ ላይ፣ ሦስተኛው ላይ ዓይኔ ሲፈዝ!
ውሻዬ ቲፕ መጣና ፊቴን ላሰኝ፣ የሞትሁ መስሎት፤
ፔታም ከጋዜጣዋ ጀርባ ሳቋ አመለጣት።

ግን ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ዝናቡ ጣራውን ሲመታ፣
አሥር በማለዳ፣ አሥር ደግሞ ወደ ማታ።
ሥራ ቦታም ከማገሩ፣ በስፕሪንግ ቀበቶ አንጠልጥዬ፣
ደረቴን ጣልሁበት፣ የድሮ ኩራቴን ጥዬ።
ወጣቶቹ ሳቁብኝ፦ «ሽማግሌው ዥዋዥዌ ወጣ!»
ይሣቁ፤ የነሱም ሠላሳ ዓመት በሩጫ ነው የሚመጣ።

ዳንሁ ወይ? አልዳንሁም። ይህን ብዬ አልዋሽም፤
በጥቅምት ሁለት ቀን ካልሲዬን ራሴ አላደረግሁም።

ትናንት ግን፣ የመጨረሻዋ በግ ስትሸሽ፣
ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆምሁ፣ ማታውራ ላይ ሲመሽ።
አንገቴን አነሣሁት፣ ያን የዛገ ማጠፊያ፤
ሲጥ አለ፣ ሄደ ግን፣ እስከ ሰማዩ መጀመሪያ።
አንድ ኮከብ ብቻ። ሠላሳ ዓመት እዚያው ነበር ወይ?
መልስ የሚሰጥ የለም፣ ቲፕ ብቻ ቆሟል ጎኔ ላይ።

መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ዞሬ የግቢውን በር አየሁ፤
እዚያው ነው።
ቀስ ብዬ፣ ሳልነካው ወጣሁ።